ለበረት፣ ለጎተራና ለሱቅ ምን ዓይነት ጣሪያ ይሻላል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጣሪያ ነው። ስለ መኖሪያ ቤት ጣሪያ ግን አይደለም። ሰው የሚተኛበትን ቤት ማንም አይረሳውም። የሚረሳው ከቤቱ ጎን ያለው ነው፤ በረቱ፣ ጎተራው፣ መንገድ ዳር የምትሠራው ትንሽ ሱቅ። ከቤት ሥራ የተረፈ ቆርቆሮ ወይም ከቤቱ ላይ የወረደ አሮጌ ሣር ካለ እነሱ ላይ ይጫናል። «ለከብት ምን አነሰው!» ይባላል። ነገር ግን የዓመት ልፋታችሁ የተከተተው ጎተራው ውስጥ ነው። ጥሪታችሁ የታሰረው በረቱ ውስጥ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የሚበላሸው ይኸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። «ቆርቆሮ ከተገኘ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ሐሳብ በብዙ ቦታ ይሰማል። ቆርቆሮ መልካም ነገር ነው፤ አንቃወመውም። ዳሩ ግን ሣር የድህነት፣ ቆርቆሮ የሀብት ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ብዙ ሰው ጣሪያ የሚመርጠው ለጎረቤት ዓይን ነው። ጣሪያ መመረጥ ያለበት ግን በሦስት ነገር ነው፤ ከሥሩ በሚቀመጠው ነገር፣ በአገሩ ዝናብ እና በአገሩ ነፋስ። እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ የቀረው ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡንም ዛሬ አብረን እንሠራለን።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በትግራይ ህድሞ የሚባለው ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ በእንጨት ላይ አፈር ተደልድሎበታል። በሐረር ጀጎል ውስጥም የጥንት ቤቶች ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው። የአፋር አርብቶ አደር ከዘንባባ ቅጠል በተሠራ ሰሌን የሚሸፈን ጎጆ ይተክላል፤ ሲነሣም አፍርሶ በግመል ይጭነዋል። በመንዝ ደግሞ ጓሣ የሚባለውን የደጋ ሣር በሥርዓት እየጠበቁ፣ ጊዜው ሲደርስ አጭደው ቤት ይከድኑበት ነበር። ሁሉም ያደረገው የአገሩን ዝናብ አይቶና በእጁ ያለውን ዕቃ አስቦ ነው።

የዝናቡ ልዩነት ቀላል አይደለም። በኢሉባቦር ጎሬ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በመቀሌ ግን 700 አይሞላም። ይህ ምን ማለት ነው? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ የጎሬ ሰው ጣሪያ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትሩ ላይ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይወርድበታል። ህድሞ የመሰለ የአፈር ጣሪያ ጎሬ ተወስዶ ቢሠራ ነሐሴን የሚያልፍ አይመስለኝም።

እንግዲህ መጀመሪያ የምናየው ጣሪያው ምን ያህል ዘንበል ማለት እንዳለበት ነው። ብዙ ጣሪያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና ቆም ብለን እንየው።

ሣር ውሃን የሚከለክለው እንደ ብረት አግዶ አይደለም። አንዱ ሣር ለሌላው፣ ሌላው ለታችኛው እያቀበለ ወደ መሬት ያወርደዋል እንጂ። ውሃው ቶሎ ቶሎ መውረድ አለበት። ጣሪያው ከተንጋለለ ግን ውሃው እዚያው ይቆያል፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሣሩም ይበሰብሳል። ስለዚህ ሣር ቁልቁለት ይፈልጋል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ለሣር ክንድ በክንድ። ከግድግዳው እስከ ቤቱ መካከል ድረስ በአግድም 4 ክንድ ከሆነ፣ ጣሪያውም ከግድግዳው በላይ 4 ክንድ ከፍ ይላል።

ቆርቆሮ ግን ውሃ አያሰርግም። ስለዚህ ለ4 ክንድ አግድም 1 ክንድ ከፍታ ይበቃዋል። ዝናብና በረዶ በሚበዛበት አገር ለ3 ክንድ 1 ክንድ ማድረግ ይሻላል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ግን ነፋስ ውሃውን ወደ ላይ እየገፋ በመደራረቢያው ሥር ያስገባዋል። «ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ለምን ያፈሳል?» ብሎ የሚቸገር ሰው ብዙ ነው። አንዳንዴ የሚያፈሰው ቆርቆሮው ተበስቶ ሳይሆን ጣሪያው ተኝቶ ነው።

ክንድ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ነው። ለዚህ ደንብ ግን ችግር የለውም። አግድሙንም ከፍታውንም የሚለካው የአንድ ሰው ክንድ ይሁን እንጂ የማንም ይሁን። ቆርቆሮ ስንገዛ ግን በሜትር እንለካለን፤ እዚያ ላይ ክንድ አያዋጣም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። አሮጌውን የሣር ጣሪያ አራግፎ በዚያው እንጨት ላይ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ውሃ አይገባበትም፤ ነገር ግን ገንዘቡን ያባክናል። ቁልቁለቱ ለሣር የተሠራ ስለሆነ፣ ዘንበል ባለው ጣሪያ ላይ 10 ቆርቆሮ የሚበቃው ሥራ እዚያ ላይ 14 ያህል ይፈልጋል። በተገላቢጦሽ ለቆርቆሮ በተሠራ ጣሪያ ላይ ሣር የሚከድን ደግሞ በጥቂት ክረምት ውስጥ የበሰበሰ ሣር ያወርዳል። ዕቃውን ስትለውጡ እንጨቱንም መለወጥ ግድ ነው።

አሁን ወደ ቅርጹ እንሂድ። ወረቀትና እርሳስ ካላችሁ ሣሉት፤ ከሌላችሁም መሬት ላይ በእንጨት ጫሩት።

ክብ ጣሪያ አለ፤ ጎጆ የምንለው ነው። ለሣር የተፈጠረ ቅርጽ ነው። ነፋስ በዙሪያው ተንሸራቶ ያልፋል፤ የሚይዘው ጠርዝ አያገኝም። ለቆርቆሮ ግን አይመችም። ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ስለሆነ ክብ ለማድረግ በሦስት ማዕዘን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ቁርጥራጩም ይጣላል።

ውሃውን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያፈስ ጣሪያ አለ። አንዱ ግድግዳ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ለመሥራት ቀላል ነው፤ የሰለጠነ አናጢ አይጠይቅም። ውሃውን ወደ ሁለት ወገን የሚያፈስ አለ፤ መካከሉ ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ ይወርዳል። በሁለቱ ጫፍ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ይኖረዋል። ወደ አራቱም ወገን የሚያፈስ ደግሞ አለ። ይህ ለነፋስ ከሁሉ ይሻላል፤ ምክንያቱም ነፋስ ከየትም ቢመጣ የሚጋፈጠው ቀጥ ያለ ግድግዳ ሳይሆን ዘንበል ያለ ጣሪያ ነው። ዳሩ ግን አቆራረጡ እጅ ይፈልጋል፣ ቆርቆሮም ይባክናል። ለበረትና ለጎተራ እኔ አልመክረውም፤ ብርቱ ነፋስ ባለበት ገላጣ ሜዳ ካልሆነ በቀር።

ከጎተራ እንጀምር። የእህል ጠላቶች ነቀዝ፣ አይጥና ሻጋታ ናቸው። ከሦስቱ ጣሪያ በቀጥታ የሚያገኘው ሻጋታን ነው። ብዙ ሰው እህል የሚረጥበው ዝናብ ሲያፈስበት ብቻ ይመስለዋል። አንዲት ጠብታ ሳታፈስም እህል ይረጥባል። እንዴት? ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግለዋለች፤ ጎተራው ውስጥ ያለው አየር ይሞቃል፣ ከእህሉም እርጥበት ይወስዳል። ሌሊት ቆርቆሮው ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ያ እርጥብ አየር የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆንና ከሥሩ ይንጠለጠላል። ማለዳ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በውጭው በኩል ሲያልበው አይታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ አንድ ነው። የላይኛው እህል በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ ይርሳል። ባለቤቱ ጎተራውን ሲከፍት ከላይ የተጋገረና አረንጓዴ የመሰለ ነገር ያገኛል።

ይህ ሻጋታ ሽታው ብቻ አይደለም ክፋቱ። በተለይ በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። «ለሰው ባይሆን ለዶሮና ለላም ይሆናል» ማለትም አያዋጣም፤ ዶሮዋን ይገድላል፣ በላሟም ወተት በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል።

ስለዚህ ጥቂት ኩንታል ለሚይዝ ለቤተሰብ ጎተራ ምርጫዬ የሣር ክዳን ነው። ክብ ሆኖ እንደ ባርኔጣ ከላይ የሚደፋው የድሮው ክዳን ማለቴ ነው። ሣር በቀን አይግልም፣ በሌሊትም አያልበውም። ይህን የምለው ለድሮ ነገር ፍቅር ስላለኝ አይደለም፤ እህሉ ስለሚተርፍ ነው። ክፈፉ ከግድግዳው ቢያንስ 1 ክንድ ወጥቶ ይንጠልጠል፤ አለዚያ በነፋስ የተገፋ ዝናብ ግድግዳውን ያርሰዋል። ሣሩ ውስጥ አይጥ እንዳይጎጆ በየዓመቱ አንሥታችሁ ተመልከቱት፤ ክዳኑ ባርኔጣ መሆኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እሳት ከሚነድበት ማጀት ይራቅ። የጎተራው እግሮች ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ፤ በየእግሩም ላይ አሮጌ ቆርቆሮ እንደ ጃንጥላ ቅርጽ ተሠርቶ ይታሰርበት። አይጥ እዚያ ሲደርስ መውጫ ያጣል። ቆርቆሮ ለጎተራ ከጣሪያው ይልቅ እግሩ ላይ የበለጠ ይሠራል ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም።

በማኅበር ወይም ለንግድ ብዙ ኩንታል የሚያከማቹ ሰዎች ግን ሰፊና አራት ማዕዘን መጋዘን ያስፈልጋቸዋል፤ እሱን በሣር መክደን አይቻልም አይባልም እንጂ ያደክማል። እዚያ ላይ ወደ ሁለት ወገን የሚያፈስ የቆርቆሮ ጣሪያ ይሁን። በሁለቱ ጫፍ ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች ላይ ወደ ላይ ጠጋ ብሎ የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳ ይከፈት፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ከቆርቆሮው ሥር ሰሌን ወይም የቀርከሃ ምንጣፍ ቢዘረጋ ጠብታው እህሉ ላይ አይወድቅም። ጆንያው ግድግዳ እንዳይነካ፣ ከሥሩም እንጨት እንዲረበረብ ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን እህሉ ደርቆ ይግባ። ሊቃውንቱ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ገደማ እንዳይበልጥ ይላሉ። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም፤ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ የማይል፣ የሚለመጥጥ እህል ከሆነ ግን ገና ፀሐይ ይፈልጋል። እርጥብ እህልን የሚያድን ጣሪያ የለም።

ወደ በረቱ እንለፍ። የበረት ነገር ከጎተራ ይለያል፤ ከብት ይተነፍሳል፣ ይሸናል፣ ይሞቃል። ጠዋት በረቱን ስትከፍቱ ሽታው ዓይናችሁን የሚያቃጥል ከሆነ አየር አያልፍም ማለት ነው። ከብቱ ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሰው እሱን ነው። ጥጃ የሚያስለው፣ ሳንባው የሚታመመው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ብርድ ፈርተን በረቱን በጭቃ ድፍን እናደርገዋለን። ከብት ግን ከደረቅ ብርድ ይልቅ እርጥብ ሙቀት ይጎዳዋል። መፍትሔው ጣሪያው ላይ ነው። የግድግዳው ጫፍና ጣሪያው በሚገናኙበት ላይ 1 ወይም 2 ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉ። ክፍቱ ከከብቱ ጀርባ በላይ ስለሆነ ነፋሱ አካሉን አይመታውም፤ የሞቀው አየር ግን ወጥቶ ይሄዳል።

ለበረት እኔ ብጠየቅ ወደ አንድ ወገን የሚያፈሰውን እመርጣለሁ። ከፍ ባለው ወገን አየርና ብርሃን ይገባል፤ ዝቅ ባለው ወገን ውሃው ይወርዳል። ነገር ግን ከፍ ያለው ወገን ነፋስና ዝናብ ወደሚመጣበት አይዙር። ዞሮ ከተሠራ ነፋሱ እንደ ጆንያ አፍ ገብቶ ጣሪያውን ከሥሩ ያነሣዋል። አዲስ ጣሪያ ተነሥቶ ማሳ ላይ ወድቆ ሲታይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው፤ አናጢው ከሌላ ቀበሌ የመጣ ከሆነ ንገሩት።

በቆላ አገር ጣሪያውን ከፍ አድርጉት። የበረቱ ረጅም ወገን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የምትመታው አጭሩን ጎን ብቻ ይሆናል። ቆርቆሮው ላይ ሣር ቢጫንበት ሙቀቱ በጣም ይቀንሳል። በደጋ ግን ጣሪያው ዝቅ ቢል ይሻላል፤ ክፍቱን ቦታ ግን አትድፈኑት።

ስለ ሱቅ ብዙ አልናገርም። ሱቅ የሚጎዳው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሙቀት ነው። ባዶ ቆርቆሮ ሥር ያለ ሱቅ ውስጥ በቀትር ሻማ ሲጎብጥ፣ ቅቤ ሲቀልጥ አይታችኋል። ኮርኒስ ይሠራለት፤ ገንዘብ ካነሰ የተሰፋ ማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን ተወጥሮ ይመታ። ድምፁንም ይቀንሰዋል። በረዶ ሲጥል በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ጠመኔውን አስቀምጦ ከመጠበቅ በቀር ምን ያደርጋል? ባለሱቅም ደንበኛውን አይሰማም። ሁለተኛው ውሃ የሚወርድበት አቅጣጫ ነው። ጣሪያው ወደ መንገዱ ከፈሰሰ በክረምት ደንበኛው የሚቆመው ፍሳሹ ሥር ነው። ወደ ኋላ ይፍሰስ፤ በፊት በኩል ደግሞ ሰው የሚጠለልበት መከለያ ይውጣለት። ወደ ኋላ ሲባል ግን ወደ ጎረቤት ግቢ ማለት አይደለም። አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ስንት የሽማግሌ ጉባኤ እንዳስቀመጠ ይታወቃል። አሸንዳ አድርጉለት። ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለወፍጮ ቤት የሚሆን ጣሪያም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ከፍታው ብቻ ከመግቢያው በር ይጀምር፤ የጭነት መኪና ከነጭነቱ መግባቱን አስቀድሞ መለካት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ ላስጠንቅቅ። በቀድሞ ጊዜ ከሲሚንቶና ከአስቤስቶስ የተሠራ፣ ግራጫ፣ ወፍራም የጣሪያ ክዳን ነበር። ዛሬም ከፈረሰ ቤት ተነሥቶ ለበረት ሲወሰድ ይታያል። አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ አትስበሩት። ትቢያው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነቀርሳ ያመጣል።

አሁን ወደ አመታቱ። ቆርቆሮ ጉብታና ጎድጓዳ አለው። ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ውሃ የሚሄደው በጎድጓዳው ስለሆነ። ጎድጓዳው ላይ የተመታ ሚስማር በየዝናቡ ያፈሳል። የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው ይሁን። ሥራው ከታች፣ ከክፈፉ ይጀመራል፤ የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ 20 ሣንቲ ሜትር ያህል ይደረብበታል። ወደ ጎን ደግሞ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ነፋሱ ሂዱ። እንዲህ ከሆነ የመደራረቢያው አፍ ለነፋስ ጀርባውን ይሰጣል። በክፈፉ፣ በጫፉና በዳር ዳሩ ሚስማሩ ጠበቅ ጠበቅ ይበል፤ ነፋስ መገንጠል የሚጀምረው ከጠርዝ ነው።

ሚስማር ብቻውን ግን ጣሪያ አይዝም። ወራጁ ከግድግዳው ላይኛ እንጨት ጋር፣ ያም እንጨት ከቋሚው ጋር በሽቦ ይታሰር። ቋሚው ደግሞ መሬት ውስጥ በደንብ ይግባ። ጣሪያ የሚበረው እነዚህ ሦስቱ ካልተያያዙ ነው። ባሕር ዛፉ ተልጦ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ ይሠራበት፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመምና ሚስማሩን ይነቅለዋል። ምስጥ ባለበት አገር ደግሞ እግሩን ጠብቁ። የዶርዜ ሰዎች ረጅሙ የቀርከሃ ቤታቸው ከሥሩ በምስጥ እየተበላ በየዓመቱ እንደሚያጥር ስለሚያውቁ መጀመሪያውኑ ከፍ አድርገው ይሠሩታል። እኛ ያን ያህል ካልቻልን ቋሚውን በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም እንችላለን፤ ያን ጊዜ ግን ከመሠረቱ ጋር በብረት ወይም በሽቦ መታሰሩ አይቀርም።

ቃል የገባነው ሒሳብ ቀርቷል። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ በረት እንሥራ። ክፈፉ በግራና በቀኝ 50 ሣንቲ ሜትር፣ በሁለቱ ጫፍ ደግሞ 30 ሣንቲ ሜትር ይውጣ። ቆርቆሮው ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ጎን ለጎን ተደርቦ የሚሸፍነው ወርድ 80 ሣንቲ ሜትር ነው እንበል። የናንተ ገበያ ቆርቆሮ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል ሳትለኩ አትግዙ።

የጣሪያው ርዝመት 6 ሲደመር 30 ሣንቲና 30 ሣንቲ፣ 6 ሜትር ከ60 ነው። ለ80 ሣንቲ ሲካፈል 8 ይደርስና ትንሽ ይተርፋል። ቆርቆሮ በትንሹ አይሸጥምና 9 እንላለን። ስለዚህ 9 ረድፍ ነው።

ውሃው ወደ ሁለት ወገን ቢፈስ፣ ከመካከሉ እስከ ክፈፉ ድረስ በአግድም 2 ሜትር ከ50 ነው። ለ4 አንድ ከፍታ ስንሰጠው፣ ዘንበል ያለው ርዝመት በገመድ ሲለካ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ይመጣል። አንድ ሙሉ ቆርቆሮና አንድ ግማሽ ስንደርብ፣ 2 ሜትር ሲደመር 1 ሜትር፣ ሲቀነስ 20 ሣንቲ፣ 2 ሜትር ከ80 ይሆናል፤ ይበቃል። በአንድ ረድፍ አንድ ተኩል፣ በሁለቱ ወገን ሦስት ነው። 9 ጊዜ 3፣ 27 ቆርቆሮ።

ወደ አንድ ወገን ቢፈስስ? አግድሙ 4 ሲደመር 50 ሣንቲና 50 ሣንቲ፣ 5 ሜትር ነው። ዘንበል ሲል 5 ሜትር ከ15 ገደማ ይሆናል። ሦስት ቆርቆሮ ስንደርብ 6 ሜትር፣ ከሁለት መደረቢያ 40 ሣንቲ ተቀንሶ 5 ሜትር ከ60 ነው፤ ይበቃል። 9 ጊዜ 3፣ አሁንም 27!

ብዙ ሰው «ባለ አንዱ ወገን ቆርቆሮ ይቆጥባል» ይላል። በዚህ በረት ላይ እኩል ነው። የሚለየው ሌላው ነገር ነው። ባለ አንዱ ወገን ከላይ የጫፍ ክዳን አይፈልግም፤ ነገር ግን አንዱን ግድግዳ ከሌላው በ1 ሜትር ማስበለጥ አለባችሁ፣ ወራጁም ረጅም እንጨት ይጠይቃል። እንጨት ውድ በሆነበት አገር ይህን አስቡበት።

ውሃስ? ጣሪያው በአግድም ሲለካ 6 ሜትር ከ60 ጊዜ 5 ሜትር፣ 33 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን ደህና ዝናብ አንድ ቀን ቢወርድበት 660 ሊትር፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 33 ጀሪካን ነው። የተረጨውና የፈሰሰው ተቀንሶ 25 ጀሪካን ቢገኝ፣ ከወንዝ 25 ጊዜ የሚመላለሰውን ሰው አስቡት። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ከሆነ በአንድ አሸንዳ ወደ በርሜል ይገባል። አሸንዳ ከሌለ ግን ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ወገን ወርዶ የጭቃውን ግድግዳ እግር ይበላዋል፤ ቢያንስ በድንጋይ የተደለደለ ቦይ ይቆፈርለት። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ አፍስሱት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለከብትና ለአትክልት ይሆናል።

ገበያ ስትሄዱ ይህን ወረቀት ያዙ። ቆርቆሮ የሚሸጠው በውፍረት ቁጥር ነው፤ 28፣ 30፣ 32፣ 35 ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው የሚወፍር ይመስለዋል። የተገላቢጦሽ ነው፤ 35 ቁጥር ስስ፣ 28 ቁጥር ወፍራም ነው። በረዶ በሚጥልበት አገር 35 ቁጥር የገዛ ሰው ርካሽ አግኝቶ ተደስቶ ይሄዳል፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ይጎደጉድበታል፣ ሚስማሩም ይተረትረዋል። ለመጋዘን 28 ወይም 30 ፈልጉ። ቁጥሩ ቆርቆሮው ላይ ታትሞ ከሆነ አንብቡት። ካልታተመ ሻጩ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁ፤ ጽፎ ሲሰጣችሁም ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አንብቡት።